ዛሬ ቀኑ ማን ነው?

ጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ካልጣለ የጉለሌ ልጆች ያኮርፉ ነበር። ማለዳ ተነስተው ወደ እንጦጦ አንጋጠው ያያሉ። ደመናው ከባሕር ዛፉ ጫፍ እየተንሸራተተ መውረድ ሲጀምር እናቶች ባልዲና ሳፋ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ይደረድራሉ፤ ልጆቹ ልብሳቸውን በር ላይ ጥለው ወደ ግቢ ይሮጣሉ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው። በዚያ ዝናብ የታጠበ ልጅ ቁመት ይጨምራል፣ ዓመቱንም ከበሽታ ይጠበቃል እየተባለ ነው የሚያድገው። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ቢሆንም ዝናቡ ሳያባራ ወደ ቤት የሚገባ የለም።

በዚያ ግቢ ከሚዘልሉት አንዳንዶቹ የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። እነርሱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ለዚያው ዕለት ሌላ ስምም ይሰጠዋል። ጳጉሜን 3 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ነው፤ በላቲን ሥርዓት የእመቤታችን የልደት በዓል። በግዕዙ ሥርዓት ግን ልደታ የምትውለው ግንቦት 1 ቀን ነው። ያን ቀን ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎና ቡና አፍልቶ ያከብራል። ስለዚህ በእነዚህ ቤቶች ያደገ ልጅ ማርያም በዓመት ሁለት ጊዜ ስትወለድ ያያል፤ አንዴ በግንቦት ፀሐይ፣ አንዴ በጳጉሜን ዝናብ።

በላቲኑ ሥርዓት የዚያ ዕለት ወንጌል የማቴዎስ ምዕራፍ 1 ነው። ከአብርሃም እስከ ክርስቶስ፣ ሦስት ጊዜ 14 ትውልድ፣ ስም በስም ላይ ይጠራል። ለሌላ አገር ልጅ ይህ ምንባብ የሚያሰለች የስም ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ሰባት ቤት ድረስ አያት ቅድመ አያቱን እንዲቆጥር ሲጠየቅ ላደገ ልጅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ ሲሄድ መሐል ላይ የሚጠፋበት ስም አለ፤ ትልቅ ሰው ያስታውሰዋል። የማቴዎስም ቆጠራ እንደዚያው ነው። ከዚያ ውስጥ ትዕማር፣ ረአብ፣ ሩትና የኦርዮ ሚስት መግባታቸውን አንድ ጎበዝ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ካመለከተ ደግሞ ልጁ ሌላ ነገር ይማራል። በዘር ቆጠራ ውስጥ ባዕድም፣ የሚታፈርበት ታሪክ ያለውም ሰው አለ። የጉለሌ ስም ራሱ የመጣው አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት በዚያ ይኖር ከነበረው የጉለሌ ኦሮሞ ጎሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሞው፣ ጉራጌው፣ መንዜው፣ ትግሬው፣ ወላይታው በላዩ ሰፍሯል። ሁሉም የየራሱን ሰባት ቤት ይዞ መጥቷል።

በጉለሌ ስለ አንድ ቀን የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ተብሎ ሳይሆን «ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ተብሎ ነበር። መልሱም ስም ነው። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ እግዚአብሔር። ባለሱቁ ዱቤ ሲሰጥ ቀጠሮው ለሚካኤል ነው። የቤት ኪራይ ለኪዳነ ምሕረት ይከፈላል። ልጅ የተወለደው «የማርያም ዋዜማ፣ ሌሊት» ነው። ቀኑ ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ የሚጠበቅ፣ የሚፈራ፣ የሚለመን፣ ሲመጣም ቤት የሚጠረግለት። ይህ ልማድ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቢሆንም ካቶሊኩም ከጎረቤቱ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ስለሚኖር በአንድ ቀን መቁጠሪያ ይኖራል። የገናንና የጥምቀትን ቀን የሚያከብረው ከአገሩ ሰው ጋር ነው፤ ታኅሣሥ 29 እና ጥር 11።

የካቶሊኩ ማኅበረሰብ ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆኖ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ ነበሩ። ሥርዓቱ የግዕዝ ነው፤ ቅዳሴው፣ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ነጠላው የአገሬው ነው። ከደቡብ፣ በተለይ በሶዶ ሀገረ ስብከት ሥር ካሉት ከወላይታና ከጋሞ አካባቢዎች በጉለሌ ወዳለው የሽሮ ሜዳ ሰፈር የመጡት ካቶሊካውያን ግን የለመዱት የላቲኑን ሥርዓት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በጋብቻ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ሁለት የምንባብ ሥርዓት ይገናኛል። ሌላው ሰው ችግር ብሎ የሚያየውን ይህን ነገር የጉለሌ ቤቶች እንደ ሀብት ነው የያዙት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግዕዙ ሥርዓት ምንባብ የሚመራው በግጻዌ ነው። ግጻዌ ለየቀኑና ለየበዓሉ የሚነበበውን የሚያመለክት መጽሐፍ ነው። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክት ያነባል፤ ንፍቅ ዲያቆኑ ከጴጥሮስ፣ ከዮሐንስ፣ ከያዕቆብ ወይም ከይሁዳ፤ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት። ከዚያ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠው ምስባክ በዜማ ይሰበካል፤ በመጨረሻ ቄሱ ወንጌሉን ያነባሉ። የላቲኑ ሥርዓት ደግሞ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ የምንባብ ሥርዓት ወጥቶለታል። የእሑዱ ምንባብ በሦስት ዓመት ይዞራል፤ አንዱ ዓመት የማቴዎስ፣ ሁለተኛው የማርቆስ፣ ሦስተኛው የሉቃስ። የአዘቦቱ ቀን ምንባብ በሁለት ዓመት ይዞራል። የግጻዌው አንባቢ በየዓመቱ ወደ ዐወቀው ቃል ይመለሳል፤ የላቲኑ አንባቢ አንዱን የእሑድ ምንባብ ለማግኘት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰው ይታመማል፣ ይድናል፣ ይወልዳል፣ ይቀብራል። ቃሉ ተመልሶ ሲመጣ አድማጩ ሌላ ሰው ሆኖ ይቆየዋል።

የእሑድ ምሳ ላይ አያቶች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ዛሬ ምን ተነበበ?» ፈተና ነው። በቅዳሴ መሐል ሲያንቀላፋ የነበረ ልጅ ያን ጊዜ ይጋለጣል። የተኛን ልጅ እጅጉን የሚረዳው ዐቢይ ጾም ነው፤ ምክንያቱም የጾሙ ሰንበቶች ስማቸውን ያገኙት ከቅዱስ ያሬድ ዜማና ከዕለቱ ወንጌል ስለሆነ ስሙን ያወቀ ምንባቡን ዐወቀ ማለት ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ስምንት እሑድ፣ ስምንት ታሪክ። ከጌታው በተሰጠው መክሊት ያተረፈውን የታማኝ አገልጋይ ታሪክ በገብር ኄር የሰማ ልጅ፣ ሰኞ በትምህርት ቤት መምህሩ «መክሊትህን አትቅበር» ሲሉት ነገሩ የት እንደተጀመረ ያውቃል።

ከነዚህ ሁሉ ጉለሌን አጥብቆ የሚነካው መፃጉዕ ነው። አራተኛው እሑድ ላይ የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ አንድ ሰው ይናገራል፤ 38 ዓመት አልጋ ላይ የቆየ፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛ፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ ውስጥ የሚያወርደው ያጣ። ጉለሌ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። ከወለጋ፣ ከሰላሌ፣ ከጎጃም ታማሚ ይዞ የመጣ ሰው በበሩ ዙሪያ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ብሎ ይታያል። ካርድ ለማውጣት ማን ይሰለፍ? መድኃኒት ለመግዛት ማን ይሂድ? ሌሊቱን ማን ይደር? በዚያ በር ላይ በጣም ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል «ሰው የለኝም» የሚለው ነው። በየቢሮውም፣ በየቀበሌውም፣ በየመሥሪያ ቤቱም የምንሰማው ቃል ነው፤ አማርኛ ውስጥ ከዚህ ቃል በላይ ብቸኝነትን የሚያወጣ መኖሩ ያጠራጥራል። የመፃጉዕም ችግር ከበሽታው ይልቅ ሰው ማጣቱ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቤቶች ከቅዳሴ መልስ ሕመምተኛ መጠየቅ የዚያ እሑድ ሥራ ሆኖ ቆየ። አጥሚት በፔርሙስ፣ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ይያዛል። ዘመድ ባይኖርም ይኬዳል። ከጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛውም ይጠየቃል፤ ብርቱካኑ ለሁለት ይከፈላል። ማንም ይህን «የምንባቡ ተግባር» ብሎ አይጠራውም፤ ጥየቃ ነው።

ከጉለሌ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስድስት ኪሎ ላይ ደግሞ የእማሆይ ቴሬዛ ደናግል ቤት አለ። እማሆይ ቴሬዛ ወደ አዲስ አበባ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለው ፈቅደውላቸዋል። ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲነዱም ደናግሉ እዚሁ ነበሩ። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳሪ የለበሱት እነዚያ ሴቶች በየመንገዱ ዳር የወደቀን ሰው ሲያነሡ ያየ የሰፈር ልጅ፣ ወደ ውኃው የሚያወርድ ሰው ምን እንደሚመስል ተምሯል።

ሸክም የሚለውን ቃልም ለጉለሌ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በላቲኑ ሥርዓት በማቴዎስ ዓመት፣ የሰኔ መጨረሻ አካባቢ፣ ጌታ ሸክም የከበደባቸውን የሚጠራበት ምንባብ ይመጣል። ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶችን አልፎ ነው፤ ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ በጭቃው ቁልቁል በባዶ እግር የሚወርዱትን። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ባይገባ ኖሮ ከተማዋ በማገዶ እጦት ተነስታ ሌላ ቦታ ትሰፍር ነበር ይባላል። ከተማዋን ያቆያት ዛፍ እነዚህን ሴቶች አጎብጧል። ከመካከላቸው አንዷ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ትንፋሽ ስትስብ ያየ ልጅ ስብከቱን ግማሽ መንገድ ላይ ጨርሶታል።

ሽሮ ሜዳ ላይ የበዓሉ ቀን መቁጠሪያ የሥራም ቀን መቁጠሪያ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለሌላው ሰው የጌጥ ነገር ነው፤ ለሸማኔው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከገና በፊት ጀምሮ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይሠራል። ድሩ ይዘረጋል፣ ማጉ በቀሰም ይጠቀለላል፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል፤ እግር ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይረግጣል። ጥለቱን የሚያወጣው የጣቱ ትዝታ ነው፤ አብዛኞቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው፤ ሙያውን የተቀበሉትም ከአባት ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ነው መወርወሪያው ዕረፍት የሚያገኘው፤ ኪስም የሚሳሳው።

በ2016 ዓ.ም. ጥር 26 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለት ሳምንቱ፣ በላቲኑ ሥርዓት የእሑዱ የመጀመሪያ ምንባብ ከመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 7 ነበር። ኢዮብ ደመወዙን እንደሚጠብቅ ምንደኛ የከበደበትን ሌሊት ይቆጥራል፤ የዕድሜውን ፍጥነት ደግሞ ከሸማኔ መወርወሪያ ጋር ያስተያያል። በሌላው ዓለም ይህን ምንባብ የሚሰሙ ብዙዎች መወርወሪያ በሙዚየም እንኳ አይተው አያውቁም። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ቃሉን የሚሰማው ሰው መዳፉ ላይ የመወርወሪያው ጠባሳ አለ። ኢዮብ ስለ እርሱ ነው የተናገረው። ይህ ምንባብ በሦስት ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል፤ እንዲያ ላለ ሰው በየዓመቱ ቢመጣ ደግ ነበር።

ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ቀጨኔ አለ። ሸክላ ሠሪዎቹንና ሸማኔዎቹን የቀጨኔ ሰዎች አዲስ አበባ በምትበላበት ምጣድ፣ በምትጠጣበት ጀበና፣ በምትለብሰው ሸማ እየኖረች ለረጅም ዘመን ስትሰድባቸው ኖራለች። «ቡዳ» መባል ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጋብቻ ይከለክላል፣ ማኅበር ያስቀራል፣ ልጅን ከጨዋታ ያስወጣል። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከዐዋጁ በላይ ዕድሜ ነበረው። እዚህ ላይ ሚያዝያ 23 ይመጣል። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በአውሮፓውያኑ ሜይ 1 ነው፤ የሠራተኞች ቀን። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ይኸንኑ ቀን የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል አድርገውታል። በደርግ ዘመን የጉለሌ ፋብሪካ ሠራተኛ ሚያዝያ 23 ጠዋት ቀይ መፈክር ይዞ ወደ አብዮት አደባባይ ይሰለፋል፤ ጎረቤቱ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ጊዮርጊስ ትሄዳለች፤ የካቶሊኩ ቤት ዮሴፍን ያስባል። ሦስቱም በአንድ አስፋልት ላይ ይተላለፋሉ።

የዚያ በዓል ወንጌል ማቴዎስ ምዕራፍ 13 ላይ ያለው ነው። የናዝሬት ሰዎች ጌታን የናቁት በእንጨት ጠራቢ ልጅነቱ ነው። በጥበቡ እየተገረሙ በአባቱ ሙያ ተሰናከሉበት። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ይህን ከሰማች የናዝሬትን ሰዎች ታውቃቸዋለች፤ ጀበናዋን ገዝተው ስሟን የሚያንቋሽሹት እነርሱ ናቸው። ከዓመቱ ምንባቦች ሁሉ ጮክ ተብሎ በየአደባባዩ ሊነበብ የሚገባው ይህ ነበር።

አገሬው የካቶሊኩን ምንባብ ሁልጊዜ በመልካም ጆሮ አልሰማም፤ ለዚህም ምክንያት ነበረው። ጣሊያን በጦር ሲመጣ የጣሊያን ቄሶች አብረው መጡ፤ ለዘመናት በሐረር ያገለገሉት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች ቦታቸውን እንዲለቁ ተደረገ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት፣ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የፈሰሰው ደም መታሰቢያው ስድስት ኪሎ ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ «ካቶሊክ» ማለት ለብዙ ሰው «የጣሊያን ሃይማኖት» ማለት ሆኖ ቀረ፤ ኢትዮጵያዊው ካቶሊክም በጎረቤቱ ፊት አንገቱን ደፋ። እውነቱ ግን ከዚያ ይሰፋል። በደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ በአባ ተስፋ ጽዮን እጅ የግዕዙ አዲስ ኪዳን ሮም ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ነው። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፤ መነኮሳቱ ማተም አያውቁም፤ አባ ተስፋ ጽዮን በመጽሐፉ መጨረሻ ስለተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ። የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በእምነታቸው ምክንያት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ፤ በ1926 ብፁዕ ተብለዋል። ካፑቺኑ ሚስዮናዊ አቡነ ማስያስም እ.ኤ.አ. በ1868 ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በፊንፊኔ መሬት ሲሰጣቸው አዲስ አበባ ለመቆርቆር ገና 18 ዓመት ይቀራት ነበር። ሕዝቡ ያስታወሳቸው ከስብከታቸው ይልቅ በፈንጣጣ ክትባታቸው ነው።

በሽታና በዓል በጉለሌ ሌላም ቦታ ይገናኛሉ። ኅዳር 12፣ ኅዳር ሚካኤል፣ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጭሱ እስከ እንጦጦ ይወጣል። ልማዱ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ዓለምን የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲደርስ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር። በጉለሌ «ፓስተር» ተብሎ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ክትባት የሚዘጋጅበትን ግቢ አጥር ታኮ የኅዳር ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው አገሩ ወረርሽኝን በሁለት መንገድ እንደሚያስታውስ ይገባዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ታኅሣሥ 19 ነው። የገብርኤል ዕለት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከናቡከደነፆር እቶን የዳኑበት ታሪክ ይታሰባል። ያ ቀን በአብዛኛው ዓመት ዲሴምበር 28 ላይ ይውላል። በላቲኑ ሥርዓት ደግሞ ሄሮድስ በቤተ ልሔም ያስፈጃቸው ሕፃናት መታሰቢያ ነው፤ ወንጌሉም ስለ ልጆቿ መጽናናትን እንቢ ያለችውን የራሔልን ልቅሶ ያነሣል። በአንድ ቀን ሦስት ልጆች ከእሳት ይወጣሉ፤ የማይቆጠሩ ልጆች ደግሞ በሰይፍ ይወድቃሉ። በ1970 ዓ.ም. ገብርኤል ሲውል አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። ማታ የተወሰደ ልጅ ጠዋት መንገድ ዳር ይገኛል። ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለባቸው ቤቶች ነበሩ። እናት ወደ ገብርኤል ስትሄድ የምትሳለው ልጇ ከእቶኑ እንዲወጣላት ነው፤ ለአንዳንዷ ወጣላት፣ ለብዙዋ አልወጣም። የሁለቱን ሥርዓት ምንባብ የምታውቅ የካቶሊክ እናት ያን ቀን የትኛውን ትያዝ? ሁለቱንም ይዛለች። ስለ ዳኑት ብቻ የሚያነብ ቀን ልጇን ላጣች ሴት ጨካኝ ነው፤ ስለ ሞቱት ብቻ የሚያነብም ልጇ ገና እስር ቤት ላለችው አይሆናትም። የቀኑ ሁለት መልክ መያዝ ያን ዓመት የምንባብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ዛሬ ምንባቡ በስልክ ይመጣል። የቫቲካን ዜና በአማርኛ ስለ እሑዱ ወንጌል ያቀርባል፤ ወጣቶች በቴሌግራም ይላላኩታል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሰውን ቤት ሲያውል ብዙዎች ቅዳሴን በቴሌቪዥን ተከታትለዋል። ይህ መልካም ነው፤ ሥራ የሚውል ሰው ታክሲ ውስጥ ቆሞ የዕለቱን ወንጌል ማንበብ ችሏል። የሳሳው የቀኑ ስም ነው። ኪራይ በባንክ ይከፈላል፤ ቀጠሮው ቁጥር ነው። አጥሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካው «ቀኑ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤትም ተበተነ። ጥየቃና ንፍሮ፣ ዋዜማና ዱቤ አብረውት ካልኖሩ ምንባቡ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ቃል ብቻውን ስልክ ላይ ይንሳፈፋል።

አንድ ቀን ግን ጉለሌ ውስጥ ስሙን እስካሁን አልጣለም። ሐምሌ 5። በላቲኑ ሥርዓት ጴጥሮስና ጳውሎስ የሚከበሩት ሰኔ 22 ነው፤ ወንጌሉም ማቴዎስ 16፣ ዐሣ አጥማጁ ስምዖን ዐለት ተብሎ ስም የወጣለት ነው። በአገሬው አቆጣጠር ሐምሌ 5 የሰኔ ጾም ይፈታል። ጉለሌ ውስጥ ደግሞ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር አለ። ካቶሊካውያን፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንና የውጭ አገር ተወላጆች ጎን ለጎን ያረፉበት ቦታ ነው። በሐምሌ ጭጋግ ውስጥ መስቀሎቹ ከሩቅ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። መቃብር የሚጠይቅ ቤተሰብ ጃንጥላ ይዞ፣ ጫማው በጭቃ ከብዶ፣ ከድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሣር ይነቅላል። ልጁ የአያቱን ስም በጣቱ እየተከተለ ያነባል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ድንጋዩ ላይ ያልተጻፉትን ትልቅ ሰው ይሞላለታል።

መልስ ላይ በቆርቆሮ አጥር ሥር የሚያልፈውን ቤተሰብ ያየች ጎረቤት ከበሯ ብቅ ትላለች።

«እትዬ፣ እንዲህ ረጥባችሁ ከየት ነው?»

«ከጴጥሮስ ወጳውሎስ።»

«ቀኑስ ማን ሆነና?»

«ጴጥሮስ ወጳውሎስ።»

«እንዲያ ከሆነማ ግቡ፤ ጾም ፈትተናል» ትላለች፤ ልጆቹ ጭቃ ያዘለ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ ቅቤው ወደሚሸትበት ቤት ይገባሉ።